የባለቤቴን አንደበት አጥፍታችሁ ሌላ ስለጫናችሁልኝ

ለክቡር አቶ ደጀን፣
የዘንገና የማኅበረሰብ ኮምፒውተር ማዕከል ዋና ኃላፊ፣
እንጅባራ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በየመድረኩ ለሚደክመው ጉሮሮዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው መስከረም ዳንግላ መጥተው በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ፣ ድምፅዎ ከመናኸሪያው ተነስቶ እኛ ሰፈር ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። እግዚአብሔር ያንን ድምፅ ይጠብቅልዎ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምንም ሽሙጥ የተጻፈ ምኞት ቢፈልጉ ይህኛው ነው፤ ሌሎቹን እንደ ትዕግሥትዎ መጠን ያንብቧቸው።

ስሜ ማሪቱ ምህረቴ ይባላል። የዳንግላ ነዋሪ ስሆን ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛና ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ደብዳቤውን በእጅ ጽሑፍ ማቅረቤ ማዕከልዎን ከመናቅ የመጣ አይደለም፤ ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ከእናንተ ቸርነት ወዲህ ለእንዲህ ያለ ተራ ሥራ የማይደፈር ረቂቅ ዕቃ ስለሆነብን ነው። ፎቶ ኮፒውን በማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በመናኸሪያውና በፍርድ ቤቱ አጥር ላይ የምለጥፈውም ለማሳጣት ብዬ አይደለም። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሦስት ማመልከቻዎች ከመዝገብ ቤት ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ሲሄዱ መንገድ ላይ እየቀሩ ስለተቸገርኩ፣ አራተኛዋን ብዙ ሰው እያየ ቢሸኛት ትደርስ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ባለቤቴ ስለ አቶ ደርበው ጥቂት ልበል፤ በቅጻችሁ ላይ ስለ እሳቸው የሚጠይቅ ቦታ አልነበረምና።

አቶ ደርበው በፍርድ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፒስት ነበሩ። ከሳሽ ሲያለቅስ፣ ምስክር ሲምል፣ ዳኛ ሲቆጣ፣ የሁሉንም ቃል በአማርኛ የጽሕፈት መኪና እየመቱ ወረቀት ላይ ያሰፈሩት እሳቸው ናቸው። ቁልፎቹን አያዩም። ዓይናቸው ከተናጋሪው አፍ ላይ ሆኖ ጣታቸው በራሱ ይሄዳል። ከፋግታ የመጣ ገበሬ በአዊኛ ሲመሰክር አስተርጓሚው አንዲት ቃል ከዘለለ፣ መምታታቸውን አቁመው ቀና ይላሉ፤ አስተርጓሚውም ነገሩ ገብቶት የዘለለውን ይመልሳል። በኋላ የጽሕፈት መኪናዎቹ ተሰብስበው ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ሰባቱ ነባር ታይፒስቶች አዲሱን የፊደል አቀማመጥ መልመድ አቅቷቸው ከሥራ ሊሰናበቱ ደረሱ። ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ የነበረው አዝመራው፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ልክ እንደ ጽሕፈት መኪናው የሚያደርግ ፕሮግራም ሠራላቸው። አልሸጠውም፤ ስም እንኳ አላወጣለትም። ሰባቱም በእሱ እየጻፉ ዕድሜያቸው ሲደርስ በክብር ጡረታ ወጡ። ባለቤቴ ሲወጡ አዝመራው ያንኑ ፕሮግራም በግል ላፕቶፓቸው ላይ ጭኖ ሸኛቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ በጉሮሮ ሕመም ምክንያት ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። እንዳይጽፉ ደግሞ ብዕር ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚጽፉትን እሳቸውም መልሰው ማንበብ አይችሉም። የሚገርመው ያው እጅ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ጸጥ ይላል። እንዲህ ሆኖ ላፕቶፑ አንደበታቸው ሆነ። ዓይናቸው ሞራ ስለጀመረው ፊደሉን አውራ ጣት እስኪያህል ያሳድጉትና ጽፈው ወደሚያናግሩት ሰው ያዞሩታል። ከባለ ባጃጅ ጋር ተከራክረውበታል፤ ከጎረቤት ጋር ዳማ ሲጫወቱ ፎክረውበታል። ከእኔ ጋርማ የችሎቱን አነጋገር ፈጽሞ አልተዉም። ወጥ ጨው ሲበዛበት «ከሳሽ ደርበው፣ ተከሳሽ ማሪቱ፤ ተከሳሿ የጨው ዕቃውን መገልበጧን በስፍራው የነበረው ምላስ አረጋግጧል፤ ለውሳኔ ተቀጥሯል» ብለው ያዞሩልኛል። እኔም ይግባኝ እላለሁ። ክቡር ሆይ፣ ድምፅ የሌለው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው ብሎ ያሰበ እንግዳ ቢመጣ፣ የእኛን ቤት ጫጫታ አይቶ በተገረመ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ዘመቻው አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ በየቤታችን ያለው ዊንዶውስ የተሰረቀ እንደሆነ፣ የቫይረስ መፈልፈያ እንደሆነ፣ ማንኛውም ሕሊና ያለው ዜጋ ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ሊኑክስ በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲያስቀይር አስታወቃችሁን። እውነት ለመናገር የእኛው ላፕቶፕ እስኪከፈት ስምንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ አንዳንዴም ስክሪኑ ይጠቁርና ትክክለኛ ቅጂ እንዳልሆነ ይነግረናል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆችን አትስረቁ ስል የኖርኩ ሴት፣ ቤቴ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ እንዳለ በጎዳና ሲታወጅ እንደ ሌባ አንገቴን ደፋሁ። ደግሞም አልዋሽም፤ አዲሱ ነገራችሁ ገና ወንበር ስስብ ይከፈታል፣ ቫይረስም አያውቀውም። ባለቤቴ ፊልም ብቻ የሚያዩበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው እውነተኛ ምስጋና ነበር።

፪. ሁለተኛ ስለዚያች ቅዳሜ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ከእርስዎ ይልቅ ራሴን ነው የምከሰው። ላፕቶፑን ወስጄ በእጄ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያን ቀን አዘና ከተማ ለቅሶ ሄደው ነበር። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማያስነቅፍ ላፕቶፑን ቤት ትተውት ይሄዳሉ። እኔም ሲመለሱ አንደበታቸው ቀልጥፎ ቢያገኙት ደስ ይላቸዋል ብዬ፣ እንግዳ ሰላም ለማለት ስምንት ደቂቃ መጠበቃቸው ቢቀር ብዬ፣ ሳልነግራቸው ይዤው ወጣሁ። የእናንተ ቅጽ ስሜን ጠየቀኝ፣ ቀበሌዬን ጠየቀኝ፣ ፎቶ ብነሳ ፈቃደኛ መሆኔን ጠየቀኝ። በዚህ ዕቃ ምን ትሠሩበታላችሁ የሚል ጥያቄ ግን አልነበረበትም። ባለሙያችሁ በውስጡ ያለው ሁሉ ለጥንቃቄ በማዕከሉ ትልቅ ዲስክ ላይ እንደሚገለበጥ ነገረኝ፤ ቁጥርም ሰጠኝ፤ መቶ አሥራ ሰባት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተደመሰሰ፣ አዲሱ ተጫነ፣ ክዳኑም ላይ «ነጻ ወጥቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። ላፕቶፑን አቅፌ ስስቅ የተነሳሁት ፎቶ ዛሬም በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ነው። እለምንዎታለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።

፫. ባለቤቴ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። ላፕቶፑን አቀረብኩላቸው። ቶሎ ሲከፈት ዓይናቸው በራ፤ መዳፋቸውን አፋተጉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ስክሪኑን ሳይሆን እኔን እያዩ አንድ ነገር መትተው አዞሩልኝ። የነበረበት ትርጉም የሌለው የፊደል ዝርግፍ ነው። እየቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸውም ያሳቀኝን ለማየት ወደ ራሳቸው አዞሩት። እንደገና ሞከሩ፣ ቀስ ብለው፣ በአንድ ጣት፣ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው። ያው ነው። ከዚያ ክዳኑን በእርጋታ ዘጉትና እጃቸውን ላዩ ላይ አኖሩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የሳቅሁት ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

፬. ስለ ሥልጠናውም ማመስገን ይገባኛል። ሰኞ ጠዋት ወደ ዳንግላ ቅርንጫፋችሁ ስሮጥ፣ ነገሩ የመልመድ ጉዳይ እንደሆነና በሦስት ሳምንት እንደሚለምዱት ተነገረኝ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ፊደላትን በጣታቸው ስፍራ እንጂ በስማቸው የማያውቁ፣ አሁን «መ» ለማለት መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ፊደል ፈልገው እንዲነኩ ማለት ነው። ቢሆንም ይዣቸው ሄድኩ። አሠልጣኛችሁ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ሠልጣኞች ሁሉ እየተነሱ ስማቸውንና ከሥልጠናው የሚጠብቁትን እንዲናገሩ ጋበዙ። ተራው ባለቤቴ ዘንድ ሲደርስ ተነሱ። ቆሙ። አሠልጣኙም አይፍሩ አባቴ፣ ነጻ ሆነው ይናገሩ እያሉ አበረታቷቸው። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያቸው። እኔ ከኋላ ተነስቼ እስካስረዳ ድረስ ባለቤቴ በሰው ፊት ቆመው ነበር። በማግስቱ አልሄዱም። የተሳትፎ የምስክር ወረቀታቸው ግን ቤት ድረስ ስለተላከልን ከልብ እናመሰግናለን፤ ስማቸው በጥሩ ቀለም ተጽፏል።

፭. ከዚህ በኋላ ከዲስካችሁ ላይ የቁጥር መቶ አሥራ ሰባትን ኮፒ እንድትመልሱልኝ ጠየቅሁ። የምጠይቀው ይህችን ብቻ ነበር፤ አሁንም ይህችን ብቻ ነው። የተሰጠኝ መልስ ግን በአቋማችሁ ጽናት እንድደነቅ አድርጎኛል። ማዕከሉ ሕጋዊነቱ ያልተረጋገጠ ፕሮግራም ለግለሰብ መልሶ ቢሰጥ እንደ ስርጭት ስለሚቆጠርበት አይችልም ተባልኩ። እኔም ይህ የተሰረቀ አይደለም፣ አዝመራው የሠራውና በነጻ የሰጠው ነው ብዬ የሰባቱን ታይፒስቶች ታሪክ አስረዳሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በጥሞና ከሰማኝ በኋላ፣ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከሠሪው ከራሱ እንዳመጣ አዘዘኝ። አዝመራው ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ይህንንም ስናገር፣ እንግዲያውስ የኮምፒውተሩ ባለቤት መልሶ ማስቀየር የፈለጉበትን ምክንያት በራሳቸው ቃል ይግለጹ፣ በእጅ የተጻፈ ስለማንቀበል በኮምፒውተር ተጽፎ ይቅረብ ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ ይህንን ያዘዘው ሰው ሲናገር ፊቱን አይቼዋለሁ። እየቀለደ አልነበረም።

ቁጥሩን ከዚህ በላይ አልቀጥልም፤ ሒሳብ አስተማሪ ብሆንም ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን እንዲሁ ልዘርዝረው።

ወደ ዊንዶውስ መመለስ መድኃኒት መስሎኝ፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ዕለት በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከአዲስ ቅዳም ጀምሮ ከከሰል ማዳበሪያ ጋር ተጣብቄ፣ እንጅባራ ደረስኩ። ዝናብ ነበር። ላፕቶፑን በነጠላዬና በላስቲክ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አሰርኩት። አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ዊንዶውስን መልሶ ጫነልኝ፤ የእናንተንም እንዳይጠፋ ጎን ለጎን አስቀመጠው። አሁን ሲከፈት ከሁለቱ የትኛውን እንደምፈልግ ይጠይቀኛል። ሁለቱም የአማርኛ መጻፊያ አላቸው፤ የሁለቱም የባለቤቴ አይደለም። ጠጋኙ ደግ ሰው ነበር፤ ሦስት ዓይነት የአማርኛ ኪቦርድ ሞክሮልኛል። በመጨረሻ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ የጠፋብሽ ከሁለቱም ውስጥ የሌለ ነገር ነው አለኝ። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ፣ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስንገላበጥ ባለቤቴ ዝም እንዳሉ ናቸው።

ከሰባቱ ታይፒስቶች በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ ባለቤቴና ጫግኒ የሚኖሩት ወይዘሮ አምሳለ። በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ ይኖራል ብዬ ጫግኒ ወረድኩ። በር ላይ ተቃቀፍን። ጉዳዬን ስነግራቸው እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ኮምፒውተራቸውን አሳዩኝ። «ነጻ ወጥቷል» ይላል። ዘመቻችሁ ጫግኒ የደረሰው ከእኛ በሁለት ሳምንት ቀድሞ ነበር። ማንጎ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ሁለታችንም አልበላንም። ሥራችሁ አንድም ቤት ሳይዘል መዳረሱን በዓይኔ ስላረጋገጥኩ፣ ለሪፖርታችሁ ምስክር ካስፈለገ እኔን ጥሩኝ።

በፍርድ ቤቱ ግምጃ ቤት ምናልባት አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ተርፎ እንደሆነ ጠየቅሁ። ከዓመታት በፊት ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተወግደዋል አሉኝ።

የፊደል ገበታ በትልልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ጣታቸውን ሲያነሱ ግን እጃቸው ማረፊያ ስለሚያጣ ይንቀጠቀጣል፤ «ሀ» ይሁን «ሁ» ይሁን «ሂ» አላውቅም። አራተኛው ቃል ላይ እሳቸው ተናደዱ፣ እኔ አለቀስኩ፤ ገበታውን ራሳቸው ገንጥለው አጥፈው አስቀመጡት። ሌላም ዘዴ ሞከርኩ። አንድ አንድ ፊደል እያሳየኋቸው በድሮው ስፍራ እንዲመቱ፣ እኔም ስክሪኑ ላይ የወጣውን በደብተር እንድመዘግብ፣ ኋላም ዝርግፉን በዚያ እንድፈታው። ሁለት ደብተር ጨረስኩ። ነገር ግን የጽሕፈት መኪናው አንዱን ፊደል በሁለት በሦስት ምት እየቀጠለ ነው የሚሠራው፤ አዲሱ ደግሞ ሁለት ምት ሲያይ አንዱን ይውጠዋል። አንድ ምልክት ለአራት ለአምስት ፊደል ሆኖ አረፈው። ያው አስተማሪ ነኝና ስሕተቱን በቀይ እስክርቢቶ አከበብኩት፤ ገጹ በሙሉ ቀይ ሆነ።

በቅርንጫፋችሁ ያሉ አንድ ኃላፊ ደግሞ ራሳቸውን መነቅነቅ ከቻሉ ምን ቸገራቸው ብለውኛል። አዎንና አይደለምን መናገር ይችላሉ ማለታቸው ነው። ስለ ቸርነታቸው አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ሁሉ ቃል ሲጽፉ ለኖሩ ሰው ሁለት ቃል አተረፉላቸው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለውን ግን ያለ ሽሙጥ ያንብቡልኝ። ደክሞኛል።

የባለቤቴ ሕመም ተመልሷል። ሐኪሙ ባለፈው ሲያያቸው ዳግም ቀዶ ሕክምና ማድረግ ይቻላል፣ አለማድረግም ይቻላል ብሏል። ቢደረግ ዕድሜያቸው ሊረዝም ይችላል፤ ከዚያው ላይነሱም ይችላሉ። ባይደረግ ያለ ሥቃይ የሚቆዩበትን ጊዜ እንሞክራለን አለ። የእኔም የልጃችንም ውሳኔ አይደለም፣ የእሳቸው ነው፣ አስበው በራሳቸው ቃል ይንገሩኝ ብሎ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ቀጥሮናል። ልጃችን ዮርዳኖስ ይደረግ ትላለች፤ ወጣት ናት፣ አባቷን ማጣት አትፈልግም። እኔ ምን እንደምል አላውቅም። ፊታቸው ተቀምጬ ጠየቅኋቸው። ይደረግልህ ወይ ስላቸው ራሳቸውን አልነቀነቁም። ይቅርብህ ወይ ስላቸውም አልነቀነቁም። እጃቸውን አንስተው ቆይ የሚል ምልክት አሳዩኝና ቁልፎቹን አዩ። በአዎና በአይደለም መካከል የሚሉት ነገር አላቸው። ምናልባት ከተወሰነ ቀን በኋላ ይሁን ሊሉ ይሆናል። ምናልባት የፈሩት ነገር ይኖራል። ምናልባት የሚጠይቁኝ ነገር አለ። አርባ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን አላውቅም፤ በግምት ልናገርላቸው ደግሞ አልደፍርም። ችሎት ላይ ሰው ያላለውን አንዲት ቃል ጽፈው አያውቁም፤ እሳቸው ያላሉትን እኔ ለሐኪም እንዴት እላለሁ?

ላፕቶፑን ሳልነግራቸው ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን በየሌሊቱ ሳይሆን በየደቂቃው ነው የማስበው። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ መውቀሻውንም ወስጄባቸዋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። የቁጥር መቶ አሥራ ሰባት ኮፒ ከእናንተ ዲስክ ላይ ተገልብጦ በፍላሽ ይሰጠኝ። ጠጋኙ ኮፒው ከተገኘ በግማሽ ሰዓት መልሼ እጭነዋለሁ ብሎኛል። ሕግ ይጣሳል ካላችሁ ጥፋቱ በእኔ ስም ይመዝገብ፤ ሌባ ናት የሚል ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ፎቶዬን ሌባ ከሚል ጽሑፍ በታች ስቀሉት፤ ያውላችሁ ተዘጋጅቶ የተነሳ ፎቶ አለ፣ እየሳቅሁ ነው። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ማጥፋት ካለባችሁ መጥታችሁ አጥፉት። ጉዳዬን የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ሰብሳቢው ከዐውደ ጥናት ሲመለሱ እንደሆነ ነግራችሁኛል። ዐውደ ጥናቱ የሚያበቃው ዓርብ ነው አሉ። የእኛ ሐሙስ ነው።

ለተራው ሕዝብ ብርሃን ለማዳረስ እንቅልፍ ያጡትን ክቡርነትዎን፣ ከሕግ ፊት ዝንፍ የማይለውን ኮሚቴዎን፣ የሟች ደብዳቤ ሳይቀር በፋይል ለማሟላት የሚተጋውን ጽሕፈት ቤትዎን በሙሉ አምላክ በጤና፣ በዕድሜና በሚሰማ ድምፅ ይባርክልኝ እያልኩ፣ አራተኛ ማመልከቻዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

የማዕከልዎ ባለውለታ፣
ማሪቱ ምህረቴ (መምህርት)
ዳንግላ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ጠዋት ባለቤቴ ማንም ሳይጠይቃቸው ላፕቶፑን ከፈቱ። ከሁለቱ የትኛው ይሁን ሲላቸው የእናንተን መረጡ። ከዚያ እንደ ድሮው እኔን እያዩ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ መቱ፤ ማንበብ እንደማልችል እያወቁ ስክሪኑን አዞሩልኝ። መጀመሪያ ላይ ያለውን አንዲትም ሳላጎድል ገልብጬዋለሁ፦

ድግክ ስል፤ህጅ ፍ ቅውርት ይ
ብንም ክልጅ፤ ህግፍ ድስ
ጅጅ ክ፤ል ድፍ
ስግህ ትርይፕ፤ ክንብ ውድ

ማዕከልዎ አዲሱ ሥርዓት ለአማርኛ ሙሉ በሙሉ እንደሚሠራ በማኅተም ስላረጋገጠልኝ፣ ባለሙያዎችዎ አንብበው ምን እንዳሉኝ እስከ ረቡዕ ማታ ይንገሩኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ መምታታቸውን አቁመው እጄን ይዘው ነበር፤ ጊዜ ካጠረዎ ከዚያ ይጀምሩልኝ።